ሠላሳ አንደኛው መልእክት

ኢንስፔክተር ሀረገወይን የልደታ ኮንዶሚኒየምን ደረጃ ወጥታ አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ጉልበቷ ከእሷ ቀድሞ ጡረታ ወጥቶ ነበር። ነሐሴ አጋማሽ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ግድግዳ ተደግፋ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ሳጅን ዓብዱልሰላም ጉዳዩን በሁለት ቃል ሊዘጋው ሞከረ።

«ራሱን አጥፍቷል» አላት።

«ሟቹ ነው የነገረህ?»

ሳጅኑ ከበሩ ዞር ብሎ አሳለፋት። ሃያ ዓመት አብሯት ሠርቷል፤ መቼ ዝም እንደሚባል ያውቃል።

ሟቹ ተስፋሚካኤል ይባላል፤ የአርባ አንድ ዓመት የኢንተርኔት ስልክ መሐንዲስ ነው፤ ብቻውን ይኖር ነበር። መኝታ ክፍሉ ወለል ላይ፣ በተከፈተ ቁም ሣጥን ሥር፣ ትራስ ተንተርሶና ጋቢ ለብሶ በጎኑ ተኝቷል። ለተመለከተው እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። የአልጋው ፍራሽ ተነሥቶ መስኮቱን ደፍኗል፤ የመስኮቱ ስንጥቅ በካልሲና በፎጣ ተጠቅጥቋል። ከክፍሉ መሐል አንዲት ትንሽ የብረት ማንደጃ አመድ ሞልታ ተቀምጣለች። የከሰል ጭስ የወሰደውን ሰው ሀረገወይን ከዚህ በፊት አይታለች፤ ሐኪሙም ዓርብ ቀን ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሞተ ነግሯታል።

እህቱ እድላዊት ሳሎን ውስጥ አንድ ፔርሙዝ አቅፋ ቆማለች። የሚያስቀምጥላት አላገኘችም፣ ወይም መያዟን ረስታለች።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«የምስር ሾርባ። ጉንፋን ይዞት ነበር።»

«ማን ነገረሽ?»

«ድምፁ ነዋ። ትናንት ዐሥር ሰዓት ላይ ደወልኩለት፤ አላነሳም። መልእክት ይተዉ የሚለው የራሱ ድምፅ ነው፤ ሻከር ብሏል። ሐሙስ ማታ ብዙ አውርተን ደህና ነበር። ነገ ጠዋት ሾርባ ይዤልህ እመጣለሁ ብዬ ተውኩለት።» ፔርሙዙን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ያን ጊዜ ሞቶ ነበር ማለት ነው?»

ሀረገወይን ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ ማሳመር አትወድም። «አዎ» አለቻት።

እድላዊት ራሷን ነቀነቀች። ቀጥላ ያለችው ግን ደጋግማ ያሰበችበት ነበር። «ኢንስፔክተር፣ እርስዎ ራሱን አጠፋ ብለው ከጻፉ ወንድሜ ፍትሐት አያገኝም። ነገ እንቅበር ስንል አባ የፖሊሱን ወረቀት አምጡ ብለዋል። እናታችንን እዚሁ ልደታ ነው የቀበርናት። እሱ ሳይጸለይበት እንደ ዕቃ አፈር ውስጥ ሊገባ ነው። ለእኔ ከሞቱ የከፋ ይሄ ነው።»

«እኔ የማየውን ነው የምጽፈው።»

«እንግዲያው በደንብ ይዩልኝ።»

ትእዛዝ ከሐዘንተኛ ሲመጣ አይቆጡበትም። ሀረገወይን መነጽሯን አደረገችና ልታይ ገባች።

ከእድላዊት ጋር በሩን የከፈተው የብሎኩ እድር ዳኛ አቶ ወንድምአገኝ ነው፤ ስልሳ ያለፈው፣ ለመናገር የሚቸኩል ሰው።

«ጋሼ ወንድምአገኝ፣ እንዴት እንደገባችሁ ይንገሩኝ።»

«የውጭው በር አልተቆለፈም ነበር። እኔ ቀደምኩ። ወደ መኝታ ቤት የሚወስደው መተላለፊያ እንደምታይው ጨለማ ነው፤ ብርድ ልብስ እግሬን ጠልፎ ሊጥለኝ! ከዚያ በሩን ወደ ውስጥ ገፋ ሳደርገው ያ የታፈነ አየር ፊቴን መታኝ። ልጅቷ ጮኸች። ፍራሹን ገለል አድርጌ መስኮቱን ከፈትኩና ኋላ መለስኩት።»

«ትናንት ግቢው ውስጥ ምን ነበር?»

«የአንዲት ባልቴት ሠልስት ነበር። ድንኳን ተጥሎ፣ እሳት ተነዶ፣ ከየሰፈሩ ሰው መጥቶ… ስንቱን ልይ? ስድስት ሰዓት አልፎ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰው ፍም የሞላ ማንደጃ ይዞ በደረጃ ሲወጣ ከጀርባው አይቻለሁ። ለሐዘንተኞቹ የሚያሞቅ መስሎኝ ተባረክ ብዬዋለሁ።» ፊቱን በእጁ ጠረገ። «ተስፋሚካኤል ይሁን አይሁን አላውቅም። እሱ ለቅሶ ቤት ወርዶ አያውቅም። ስድስት ዓመት ጎረቤቴ ነው፤ ቤቱ የገባሁት ዛሬ ነው።»

ይህን ሲናገር ኀፍረት ተሰማው፤ መሰማቱም ደግ ነው።

ማንደጃዋ የእናታቸው እንደነበረች፣ በረንዳ ላይ አቧራ ለብሳ እንደከረመች እድላዊት ተናገረች። ቤቱ ውስጥ አንድ ፍሬ ከሰል አልተገኘም። ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ያልታሰበ ነገር ወጣ፤ ከሁለት ካፖርት መሐል ማይክሮፎን ተንጠልጥሏል። በቁም ሣጥኑ መዝጊያ ውስጠኛ ገጽ ላይ ሁለት ወረቀት ተለጥፏል። በኮምፒዩተር የተጻፉ ሠላሳ ዐረፍተ ነገሮች፣ በየአጠገባቸው የእርሳስ ምልክት። «እንኳን ደህና መጡ።» «የሚፈልጉት ሠራተኛ ጥሪዎን ማንሳት አልቻሉም፤ መልእክት ይተዉ።» ከሁሉም ሥር በእጅ የተጻፈ ሠላሳ አንደኛ፦ «አሁን ያሉበትን አገር፣ ከተማና ቤት ይናገሩ። እርስዎ ካልነገሩን የት እንዳሉ አናውቅም።» እሱም ምልክት አለው።

ወለሉ ላይ ግማሹ የተጠጣ የሳል ሽሮፕ ከፋርማሲ ከረጢቱ ጋር ተቀምጧል። ከረጢቱ ላይ የትናንት ቀን ተጽፎበታል። አጠገቡ የነበረውን የሟቹን ላፕቶፕ ሳጅኑ ከፈተው፤ የድምፅ ቅጂዎቹ ሠላሳ ናቸው። ሀረገወይን ደግማ አስቆጠረችው፤ አሁንም ሠላሳ ሆነ።

ረፋዱ ላይ መቅደላዊት የምትባል ሴት እያለቀሰች መጣች። በራዲዮ ማስታወቂያ የምታነብ ናት፤ ድምፅዋ በለቅሶ መሐል እንኳ ያምራል። እስከ ሁለት ወር በፊት የተስፋሚካኤል እጮኛ ነበረች፤ የቤቱ ቁልፍም እስካሁን እሷ ዘንድ አለ።

«መስኮቱን ምን ነካው ብለሽ አትጠይቂም?» አለቻት ሀረገወይን።

«ለምን እጠይቃለሁ? ለቀረጻ ነው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ከወዲያ ሰንጋ ተራ የሚሠሩት ሕንፃዎች መዶሻ፣ ከወዲህ የታክሲ ረዳት ጩኸት። በዚያ ፍራሽ ውስጥ እየታጠርኩ ስንት መልእክት አንብቤለታለሁ። ራሴን ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቼ! መጀመሪያ ጊዜ ስቄ ልሞት ነበር።»

«ብርድ ልብሱስ?»

«እሱ በበሩ ሥር ነው፤ ከውስጥ በኩል። ገብተን ከዘጋን በኋላ።»

«ለምን ተለያያችሁ?»

መቅደላዊት መሐረቧን አጠፈች፣ ዘረጋች። «እራት ስንበላ አንዱ ከአንድ አገር ይደውልለታል፤ ስልኬ አልሠራም ይለዋል፤ እሱ ምግቡን ትቶ ይነሣል። ዓለሙን ሁሉ አገናኝቶ እኔን የሚያወራበት ሰዓት አጣ። ሥራህን አግባ ብዬው ሄድኩ። ከዚያ በኋላ መልእክቶቹን ብቻውን ይቀርጽ ጀመር አሉ።»

ሳጅን ዓብዱልሰላም የሁለት ቃል ፍርዱን ከዚህ በኋላ አልደገመም።

ቢሮው ሰንጋ ተራ፣ አንድ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እግዜር ይስጠው ሊፍት አለው። ሦስት ሰዎች ብቻ የሚሠሩበት ድርጅት ነበር፤ አሁን ሁለት ቀርተዋል። የስልክ ማማ እየጠገኑ ከአገር አገር ለሚዞሩ አራት መቶ ሠራተኞች የኢንተርኔት ስልክ እያዘጋጁ ሳለ ነው ሦስተኛው የሞተው። የኢንተርኔት ስልኩ ትናንት ከሰዓት ሥራ ጀምሯል፤ የሦስቱም የራሳቸው ቁጥር እዚያው ላይ ነው። ፕሮግራመሩን አሌክስን ጢሙን ሳይላጭ፣ ዓይኑ ቀልቶ አገኘችው። ሐሙስ ዕለት ከተስፋሚካኤል ጋር ተጣልቶ እንደነበር ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል።

«ስልኩ ምን ዓይነት ነው? ለእኔ በሚገባኝ አማርኛ።»

«ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ይከተለዋል። ዛሬ ኪጋሊ ላፕቶፑን ቢከፍት እዚያ ይጠራል፤ ነገ ዳካር ቢሆን እዚያ። ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ይቅርታ፣ ምን መሰለዎት፣ ቁጥሩ ሰውየውን ያገኘዋል እንጂ ሰውየው የት እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ አዲስ አገር በገቡ ቁጥር የት እንዳሉ እንጠይቃቸው ነበር። ሰዎቹ ተሰላቹና ጥያቄው በሙከራው ጊዜ ወጣ።»

«ማን አወጣው?»

«በእጄ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያዘዘኝ ሥራ አስኪያጃችን ጋሽ በድሉ ነው።» አንገቱን ደፋ። «ቤካ የሚባል ስልኩን የሚሞክርልን ቴክኒሺያን ነበር፤ አስም ነበረበት። አክራ ሆቴል ውስጥ ሲያፍነው የእርዳታ ቁልፉን ተጫነ። ስልኩ የሚያውቀው የድሮ አድራሻውን ነው፤ እርዳታ የተላከው ሞምባሳ ወደለቀቀው ቤት ነው። ሰዎቹ ያንን ባዶ ቤት ሲያንኳኩ እሱ ሞተ። ሐሙስ የተጣላነው በዚህ ነው። ተስፍሽ ጥያቄው ይመለሳል፣ ለቤካ እናትም እውነቱን እነግራታለሁ አለ። እኔ ፈራሁ። ሰው ጓደኛውን ጀለሴ እያለ ፈሪ ሊሆን ይችላል።»

«ትናንት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት የት ነበርክ?»

«ቤቴ፣ ጠመንጃ ያዥ። ብቻዬን። ግን ስልክ ሳነሣ ነበር፣ መዝገቡን ማየት…»

«የሚያነሣው ሰው የት እንዳለ የማያሳይ ስልክ ሠርታችሁ በስልክ አትመስክሩብኝ» አለችውና ተነሣች።

ሥራ አስኪያጁ አቶ በድሉ አምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት የማይታይ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«ወንድሜን ነው ያጣሁት» አላት። «ብቸኝነት በላው። ማግባት አለብህ ብዬ ስንት መክሬዋለሁ።»

«መልእክቶቹን ትናንት ሲስተሙ ውስጥ ያስገባው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ። ሐሙስ ከሰዓት መጥቶ በፍላሽ ሰጥቶኝ ነበር። ሠላሳውንም ጨርሶ። ዓርብ ዕለት ዓይኑን አላየሁትም።»

«ጥሩ ነበሩ?»

«እጅግ ጥሩ። በሥራው እንከን የለበትም።»

ሀረገወይን አመሰገነችው። ምሳዋን አንድ ምግብ ቤት ጥግ ይዛ በላች። አስተናጋጁ ሁለተኛውን ወንበር «ሰው አለው?» ብሎ ጠይቋት ለሌላ ጠረጴዛ ወሰደው። በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ያለው ነገር ሊከፋት እንደማይገባ ታውቃለች፤ ግን ከፋት። ልጆቿ ትልልቅ ናቸው፤ የሚደውሉላትም በበዓል ነው። ስልኳን አወጣችና የተስፋሚካኤልን ቁጥር መታች፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ደግማ ደወለች። ከዚያ ሳጅኑን አዘዘችው፦ «ዐሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ሟቹ ቤት ይሰብሰቡ።»

ሳሎኑ ስድስት ሰው ተቀምጦበት እንደማያውቅ ከወንበሮቹ ቁጥር ያስታውቃል። አቶ ወንድምአገኝ የእድሩን አግዳሚ አስመጣ። እድላዊትና መቅደላዊት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ አሌክስ ወለሉ ላይ፣ በድሉ ብቸኛዋ ሶፋ ላይ። ሳጅኑ በሩን ያዘ።

«መጀመሪያ ይህ ሰው ራሱን አላጠፋም» አለች ሀረገወይን፤ እድላዊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ክፍሉን የደፈነው ለሞት ሳይሆን ለሥራ ነው፤ መቅደላዊት ታውቃለች። ትናንት ጠዋት ጉንፋን ይዞት ሽሮፕ ገዛ፣ መልእክቶቹን ቀረጸ፣ ሽሮፑ አስተኛውና እዚያው ቁም ሣጥኑ ሥር ጋደም አለ። የውጭውን በር ክፍት የተወው ሰው ስለሚጠብቅ ነው። ጋሼ ወንድምአገኝ፣ ብርድ ልብሱ የጠለፈዎት በሩን ከመክፈትዎ በፊት ነው ወይስ ከከፈቱ በኋላ?»

«በፊት… በፊት ነው» አለ ሽማግሌው፤ የተናገረው ነገር ክብደት የገባው ገና አሁን ነው።

«ስለዚህ ብርድ ልብሱ በበሩ ሥር ከውጭ ነበር። ውስጥ ያለ ሰው፣ ሊቀርጽም ይሁን ሊሞት፣ በሩን ዘግቶ ከውጭ ሊጠቀጥቅ አይችልም። የጠቀጠቀው የወጣው ሰው ነው። ያ ሰው የሟቹን ማንደጃ ይዞ ወረደ፤ ከለቅሶው እሳት ፍም ዝቆ ተመለሰ። ለቅሶ ቤት እሳት የያዘ ሰው ወዴት ነህ አይባልም፤ እንዲያውም ይመረቃል።»

አቶ ወንድምአገኝ አማተበ።

«የመቅደላዊት ቁልፍ አልጠቀመም፤ በሩ ክፍት ነበር። ደግሞም እሷ ብትሆን ሠላሳ አንደኛው መልእክት አይጠፋም ነበር። ወረቀቱ ሠላሳ አንዱንም እንደቀረጸ ይናገራል፤ ላፕቶፑ ላይ ያሉት ሠላሳ ናቸው። የጠፋው ያሉበትን ቦታ ይናገሩ የሚለው ነው። ያንን አንዱን መርጦ የሚያጠፋ ሰው የቤካን ነገር የሚያውቅ ነው። የሚያውቁት ሁለት ናችሁ፤ አሌክስና አቶ በድሉ።»

አሌክስ ተነሥቶ ቆመ። እሷ ግን ዞር ብላ አላየችውም፤ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ደወለች። ሦስት ጊዜ ጠራ፤ ከዚያ የሞተው ሰው ተናገረ፦ «የሚፈልጉት ሠራተኛ ጥሪዎን ማንሳት አልቻሉም፤ መልእክት ይተዉ።»

ድምፁ ሻካራ ነው፤ ከመጨረሻው ቃል በፊት ሳል ታግሎት አልፏል። መቅደላዊት እንባዋን መግታት አልቻለችም።

«እድላዊት፣ ሐሙስ ማታ ስታወሩ ድምፁ እንደዚህ ነበር?»

«አልነበረም። ሲስቅ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ነበር።»

«አቶ በድሉ፣ እነዚህን መልእክቶች የተቀበልኩት ሐሙስ ከሰዓት ነው ብለውኛል። ሐሙስ ማታ ደህና የነበረ ጉሮሮ ሐሙስ ከሰዓት እንዴት ሻከረ? ይህ የዓርብ ድምፅ ነው። የዓርብ ድምፅ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እርስዎ እጅ ውስጥ የገባው እርስዎ ዓርብ እዚህ ስለነበሩ ነው። እሱ የጠበቀው ሰው እርስዎ ነዎት።»

በድሉ ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። «ተኝቶ ነበር። ፍላሹን ይዤ ወጣሁ። አላስነሣሁትም።»

«ስለምን ሐሙስ አሉኝ?»

በድሉ ወደ በሩ አየ፤ ሳጅኑ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«እጅግ ጥሩ ናቸው አሉኝ፤ አንዱንም አላዳመጡም። ቢያዳምጡ ኖሮ ሲያስለው ይሰሙ ነበር፤ ሐሙስ ብለውም አይዋሹም ነበር። ዐሥር ዓመት አብሯችሁ የሠራ ሰው! አንድ ደቂቃ ጆሮ ሰጥታ የሰማችው እህቱ ናት፤ እሷም ለጉሮሮው ሾርባ ሠራች።»

ከታች ታክሲ ረዳቱ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ ሲል ይሰማል።

«ለቤካ እናት ደብዳቤ ጽፎ ነበር» አለ በድሉ በመጨረሻ፤ የሚያወራው ከጫማው ጋር ነው። «ጥያቄው እንዲወጣ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እስር ቤት ታየኝ። ለምኜው ነበር፤ እሺ አላለም። ስገባ ተኝቷል፣ ያችን ጥያቄ ቀርጿታል። አጠፋኋት። እሱ ግን ሲነቃ መልሶ ይቀርጻታል።» ቀና አለ። «እንዲሠቃይ አልፈለግኩም። እንቅልፍ ላይ ነበር።»

«ይህን ሁሉ ዓመት አብረኸው ሠርተህ?» አለችው እድላዊት። ነጠላዋን ከፊቷ አውርዳለች። «ስምህን ሳይጠራ ውሎ አያውቅም። ከአንተ ሌላ ጓደኛ አልነበረውም እኮ።»

ሳጅን ዓብዱልሰላም በድሉን ይዞት ወረደ። በየፎቁ ሰው ወጥቶ ያይ ነበር፤ አንድም የጮኸ የለም። አሌክስ ሳይነገረው የራሱን ላፕቶፕ ከፈተና ያወጣውን ጥያቄ ወደ ቦታው ሊመልስ ተቀመጠ፤ የሚያነበው ሰው እንደሌለ ትዝ ሲለው ግን እጁን ሰበሰበ። መቅደላዊት እንባዋን ጠርጋ ብርድ ልብሱን ከወለሉ አነሣች። «እኔ አነበዋለሁ» አለችው፤ ቁም ሣጥኑ ግን ገና በፖሊስ ታሽጎ ስለነበር ለሌላ ቀን አሉት።

ሀረገወይን የፖሊሱን ወረቀት እዚያው በእጇ ጽፋ ማህተም አስደርጋ አመጣችው። አቶ ወንድምአገኝ የእድሩን ደንብ ሳይጠይቅ ድንኳኑን ከባልቴቷ ደጅ አስነሥቶ እዚህ እንዲተከል አዘዘ። ተስፋሚካኤል የእድሩ አባል እንዳልነበር አንዱ ሲያስታውሰው፣ «ጎረቤትም አልነበረም፤ ጥፋቱ ግን የእሱ ብቻ አይደለም» ብሎ አሳለፈው።

እሑድ ጠዋት ዝናብ እያካፋ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰቡ። ከብሎኩ ሰው አንድ አርባ ያህል መጥቷል፤ አብዛኛው ሟቹን በደረጃ ላይ በሰላምታ ብቻ የሚያውቀው ነው። ሀረገወይን የመጣችው በሥራ አይደለም፤ ነጠላ ለብሳ ከሴቶቹ መሐል ቆመች። ለሥራ ካልሆነ የሰው ቀብር ላይ ከቆመች ስንት ዓመቷ እንደሆነ ማስታወስ አቃታት።

አባ ወረቀቱን አንብበው አጠፉትና ወደ እድላዊት ቀረቡ።

«ልጄ፣ ለፍትሐቱ የክርስትና ስሙን ንገሪን።»

ያንን ስም እናታቸው ከሞተች ጀምሮ የጠራው አልነበረም። ቢሮው አያውቀውም፤ እጮኛው ረስታዋለች፤ በአራት መቶ ሰው ስልክ ውስጥ የለም። ከእሷ በቀር የሚያውቀው ሰው ምድር ላይ አልቀረም።

«ገብረ መድኅን» አለች።

«ጮክ በይ፣ ልጄ፤ ካህናቱ ይስሙ።»

«ገብረ መድኅን!» አለች፤ ካህናቱም ተቀብለው በስሙ ጸለዩለት።